ጨፈቃው ወደ ዱሩ

ከወልዲያ በሲሪንቃ በኩል ወደ መርሳ ሲኬድ፣ በስተ ምዕራብ የተራራው ግርጌ ከማሽላው ማሳ ጋር ይገጥማል። ማሽላው እሸት ሲሆን ከገደሉ ዝንጀሮ፣ ከቁጥቋጦው ከርከሮ፣ በሌሊት ደግሞ ጃርት ይመጣል። የዚህ አካባቢ፣ የሀብሩ ወረዳ፣ ገበሬ በዚህ ወሰን ላይ የሚያጥረውን የእሾህ አጥር ጎንበስ ብዬ ባየሁ ቁጥር የሠሪው እጅ ያስደንቀኛል።

እንጨቱን መምረጥ ራሱ ሙያ ነው። የቁርቁራ እሾህ ጥንድ ነው፤ አንዱ ቀጥ ብሎ ይወጋል፣ ሌላው ቆልመም ብሎ ይይዛል። ወደፊት የገፋ እንስሳ ይወጋል፣ ላፈግፍግ ሲል ይያዛል። ቅርንጫፉ ሲደረደር ግንዱ ወደ ማሳው፣ ጨፈቃው ወደ ዱሩ ይዞራል። ግንዱን ወደ ውጭ የተወ ሰው ለሚጎትተው ሁሉ መያዣ አበጀለት ማለት ነው። ቀጣዩ ቅርንጫፍ በላዩ ተጭኖ በባላ ሲገፋ እሾህ ከእሾህ ይቆላለፋል። በደንብ የታጠረውን አንድ ቦታ ላይ ይዘው ቢነቀንቁት ግራና ቀኙ አብሮ ይነቃነቃል፤ እኔ አጥር የምፈትነው በዚህ ነው።

ትልቁ ጥበብ ግን ከታች ነው። ከርከሮ ከላይ አይመጣም፤ አፍንጫውን መሬት አስነክቶ ይሰረስራል። ጃርትም ይቆፍራል። ስለዚህ ድንጋይ ባለበት ቦታ የእሾሁ ሥር በካብ ይደገፋል። ካቡ ከመሠረቱ ሰፍቶ ወደ ላይ እየጠበበ ይሄዳል፤ እያንዳንዱ ድንጋይ ከሥሩ ባሉት ሁለት ድንጋዮች መጋጠሚያ ላይ ያርፋል፤ ረጃጅሞቹ ወርዱን አቋርጠው ፊትና ጀርባውን ያስራሉ። ጭቃ ስለሌለው የክረምቱ ጎርፍ በመሃሉ ሾልኮ ያልፋል። በኬንያ በአበርዴር ተራሮች ዙሪያ እ.ኤ.አ. በ2009 የተጠናቀቀው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የኤሌክትሪክ አጥርም ከሥሩ የሽቦ መረብ ተቀብሮበታል፤ የሚቆፍረውን እንስሳ እዚያም አስበውበታል።

ዝንጀሮን ግን እሾህ ብቻውን አይመልሰውም፤ ቀን ቀን ማማ ላይ ወንጭፍ የያዘ ጠባቂ ያስፈልጋል። ማማውም አጥሩንና ገደሉን አንድ ላይ በሚያሳይ ቦታ ይተከላል።

የደረቀ እሾህ ዕድሜው አጭር ነው፤ ምስጥ ይበላዋል፣ ዝናብ ያበሰብሰዋል። በየዓመቱ አዲስ ቁርቁራ መቁረጥ ደግሞ ዛፉን ይጎዳል፤ ይህ ያሳስበኛል። ለዚህ ነው ቅንጭብ ተክለው ሕያው አጥር የሚያበጁትን ይበልጥ የማከብረው። ሲቆረጥ የሚፈሰው ወተት ዓይን ስለሚያቃጥል ቆራጩ ፊቱን ዞር ያደርጋል። ቁራጩን ወዲያው አይተክለውም፤ የተቆረጠው ቦታ እንዲደርቅና እንዳይበሰብስ ጥቂት ቀን ጥላ ውስጥ ያቆየዋል። ከዚያ አጠጋግቶ ይተክለዋል። ሥር ሰድዶ እርስ በርሱ እስኪጠላለፍ ዓመታት ይወስዳል፤ እስከዚያው የእሾሁ አጥር ከፊቱ ቆሞ ይጠብቀዋል።