«ባህል» ስለሚባለው ቃል

ባህል «ብህለ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ቃል ነው፤ ምሥጢሩም አንዱ ሲናገር ሌላው እየሰማ፣ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነገር ማለት ነው። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ታይለር እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1871 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ባህል ማለት ዕውቀትን፣ እምነትን፣ ሕግንና ልማድን ጠቅልሎ የያዘ፣ ሰው ከማኅበሩ የሚቀበለው ነገር ነው ብሎ ፈታው። ፍቺው መልካም ነው፤ ከእኛም ቃል ጋር ይስማማል። ነገር ግን ሕዝቦችን በደረጃ ከፍሎ የአውሮጳን ሰው ከላይ ማስቀመጡ ከገዛ ፍቺው ጋር ይጣላል። ባህል በመማር የሚገኝ ከሆነ፣ ሌላ መምህር ያስተማረው ሕዝብ ሌላ ተማረ ይባላል እንጂ ዝቅ አለ አይባልም።

የእኛም ቃል ጉድለት አለበት፤ ባህልን በአንደበት ብቻ ይወስነዋል። ከአምቦ በስተምሥራቅ፣ ከጊንጪ አጠገብ የሚመነጨው አዋሽ በሚያልፍበት በመልካ ቁንጡሬ ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በላይ የቈየ የባልጩት መሣሪያ ተገኝቷል፤ ስፍራውም በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። የጠራቢዎቹን ንግግር የሰማ የለም፤ ሆኖም እጅ ከእጅ እንደ ተማረ ድንጋዩ ያስረዳል። አዋሽ ወደ አፋር ወርዶ በሚደርስበት አገር፣ በሐዳር፣ በ1967 ዓ.ም. የተገኘው የድንቅነሽ አጥንት ግን የአካልን ነገር እንጂ የባህልን አይናገርም። ሁለቱን ምስክሮች ደባልቆ የሚጽፍ ሰው ሰሙን ከወርቁ አልለየም።