የቤት ዕቃና የቅርጽ ጥያቄ፦ ከጌጫ ገበያ አንፃር

ስለ ኪነ ጥበብ ሲነሣ በቅድሚያ የሚታሰቡት ግጥምና ልቦለድ፣ ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ፣ ዜማና ተውኔት ናቸው። ሂስም በአብዛኛው በእነዚሁ ዙሪያ ሲሽከረከር ኖሯል። ይሁን እንጂ ሰፊው ሕዝብ ከማናቸውም የጥበብ ሥራ ይልቅ በየቀኑ ዐይኑን የሚጥልበትና በእጁ የሚዳስሰው የቤት ዕቃውን ነው። አንድ የገበሬ ቤተሰብ የሥዕል ዐውደ ርእይ ሳያይ ዕድሜውን ሊፈጽም ይችላል፤ ጀበና ሳያይ ግን አንዲት ቀን አያልፍም። እንዲህ ከሆነ ዘንድ ከውጭ እየመጡም ሆነ እዚሁ እየተፈበረኩ ወደየቤቱ የሚገቡት አዳዲስ ዕቃዎች ምን ዐይነት ቅርጽ እንደያዙ፣ ምን እንደሚሰጡና ምን እንደሚወስዱ መመርመር ለሂስ ባዕድ ተግባር ሊሆን አይገባም።

ለዚህ ምርመራ የደቡብ ምዕራቡ የቡና አገር ተስማሚ መመልከቻ ነው። ጌጫ በሸካ ዞን በአንድራቻ ወረዳ፣ ከማሻ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ ዝናብ የማይለያት ደጋማ ከተማ ናት። ጓሮው እንሰት ነው፤ ማዶው ቀርከሃ ነው። ወደ ቴፒ ቁልቁል ሲወረድ ቡናው ከጫካው ጥላ ሥር ይጀምራል። ይህ የሸካ ጫካ በ2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የተመዘገበ ሲሆን፣ ዓለም አረቢካ ብሎ የሚጠራው ቡና በዱርነቱ ከሚበቅልባቸው ጥቂት ሥፍራዎች አንዱ ነው። ቡናው ከደጅ፣ ሸክላው ከመሬት፣ ማሩ ከዛፍ ላይ ቀፎ በሚገኝበት በዚህ አገር የገበያው መሬት ግን እንደ ሌሎቹ ትንንሽ ከተሞች ሁሉ በሌላ ቀለም ተሸፍኗል፦ ቢጫ ጀሪካን፣ አበባ የተሣለበት ፔርሙዝ፣ በፀሐይ ኃይል የሚሞላ መብራት፣ የፕላስቲክ በርጩማ፣ የፕላስቲክ ሣር።

እነዚህን ሁሉ በጅምላ «ባዕድ» ብሎ ማውገዝ ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይደለም። የቡናው ሥነ ሥርዓት ልብ የሆነችው ሲኒ ራሷ መጤ ናት። ስሟ መነሻው ዐረብኛ ሲሆን ትርጉሙም «የቻይና» ማለት ነው። ጆሮ የሌላት፣ በሁለት ጣት የምትያዝ፣ ለሦስት ጉንጭ የምትበቃ ይህች ትንሽ ዕቃ አንድ ጊዜ ባሕር ተሻግራ የመጣች አዲስ ሸቀጥ ነበረች። ዛሬ ከረከቦቱ ላይ አንሥቶ «ባህላችን አይደለችም» የሚል ሰው ቢገኝ መሳቂያ ይሆናል። ፋኖስም እንዲሁ ነው፤ ስሙ ከግሪክ ተነሥቶ በዐረብኛ በኩል እዚህ ደርሷል። የዕቃ ዜግነት በተወለደበት ቦታ ብቻ አይወሰንም። የሚወሰነው የገባበትን ቤት ሥራ በመሥራቱና ባለመሥራቱ ነው።

በዚህ መመዘኛ ጀሪካን መልከ ጥፉ ቢሆንም በክብር ያልፋል። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ለጀርመን ጦር ነዳጅ እንዲያመላልስ የተነደፈው ባለ 20 ሊትር የቆርቆሮ ዕቃ ነው፤ የእንግሊዝ ወታደሮች ጀርመኖችን በቅጽል ሲጠሩ «ጄሪ» ይሏቸው ስለነበር ስሙ ከዚያ ወጣ። በእኛ አገር ደግሞ ፕላስቲኩ ብዙውን ጊዜ የምግብ ዘይት ይዞ መጥቶ፣ ዘይቱ ሲያልቅ የውኃ መቅጃ ሆነ። እንስራ ባዶውን እንኳ የሚከብድ ዕቃ ነው፤ ከጭነቱ የተወሰነው ሁልጊዜ ውኃ ሳይሆን ሸክላ ነበር። ያን ክብደት ከእናቶችና ከልጃገረዶች ጀርባ ያወረደ ዕቃ ውበት የለውም ተብሎ አይናቅም። እንስራ ውኃውን በገላው ላብ ያቀዘቅዛል፤ ጀሪካን ይህን አይችልም። ነገር ግን ለጌጫ ብርድ የቀዘቀዘ ውኃ ብርቅ አይደለም።

ፔርሙዝ የባሰ አከራካሪ ነው። ስኮትላንዳዊው የሳይንስ ሊቅ ጄምስ ዲዋር እ.ኤ.አ. በ1892 ቀዝቃዛ ፈሳሾችን ለቤተ ሙከራ ለማቆየት የሠራው ባለ ሁለት ግድግዳ ጠርሙስ፣ በመካከሉ አየር ስለሌለ ሙቀት አያሳልፍም። ሥራው ይኸው ነው፤ ይህንንም በታማኝነት ይፈጽማል። ጠዋት የተፈላው ቡና ለለቀማ ወደ ጫካ የሚሄደውን ሰው ተከትሎ ይሄዳል፤ አስተማሪውን ተከትሎ ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳል። በዚያው ልክ ግን የጎረቤት መጠራራት ይቀንሳል። በፔርሙዝ ውስጥ አቦል እንጂ ቶናና በረካ የሉም፤ ያው የመጀመሪያው ቡና እስከ ማታ ይቀዳል። ቢሆንም ፔርሙዝ ፔርሙዝነቱን አይደብቅም። ጀበና ነኝ አይልም። ጥፋቱም ጥቅሙም በግልጽ የሚታይ ዕቃ ነውና ለሂስ አያስቸግርም።

የሚያስቸግረው ሌላው ነው፤ እሱም በቅርብ ዓመታት ከአዲስ አበባ መደብሮች ተነሥቶ ወደየክፍለ አገሩ የተሠራጨው የኤሌክትሪክ ጀበና ነው። ዐይነቱ ብዙ ነው። አንዳንዱ ከብረት፣ አንዳንዱ ከመስታወት፣ አንዳንዱም ከሸክላ የተሠራ ሲሆን ሁሉም የጀበናን አንገትና ጆሮ ይዘው፣ ከሥራቸው ጠፍጣፋ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አላቸው። ሲታይ ያስደስታል፤ ለስጦታም ይሆናል። ነገር ግን የጀበና ቅርጽ ከየት እንደመጣ ጥቂት ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል።

የሸክላው ጀበና ሆድ ክብ የሆነው ለጌጥ አይደለም። ከፍም ላይ ሲቀመጥ ሙቀቱ ከሥርም ከጎንም ይዞረዋል። ከእሳት ወርዶ በማቶቱ ላይ ጋደል ሲል ደግሞ አተላው በዚያው ክብ ሆድ ጎን ይሰክናል፤ ሲቀዳም ጥሩው ከላይ ይወርዳል። አንገቱ ቀጭንና ረጅም የሆነው ቡናው ገንፍሎ ሲወጣ በጠባቡ መንገድ ከፍ ብሎ ምልክት እንዲሰጥ ነው፤ ቡና የምታፈላው ሴት ሰዓት አትመለከትም፤ አንገቱን ትመለከታለች። በሰሜኑ አገር ቡናው የሚቀዳው በዚያው በአንገቱ በኩል ስለሆነ አፉ ላይ ማጥለያ ይወተፍበታል፤ በመሐልና በደቡቡ ደግሞ ከጎኑ ሌላ መቅጃ ይወጣለታል። ልዩነቱ ከአቀዳድ ልዩነት የመጣ ነው። ማቶት የተፈጠረውም ክብ ነገር ያለ ድጋፍ ስለማይቆም ነው። እንግዲህ እያንዳንዱ መስመር ከአንድ ሥራ የተወለደ ነው።

በኤሌክትሪኩ ጀበና ላይ እነዚህ መስመሮች በሙሉ ሥራ ፈተዋል። ሥሩ ጠፍጣፋ በመሆኑ ማቶት አያሻውም፤ ማቶት ቢቀርብለትም ለይስሙላ ነው። አንገቱ ምልክት መስጠቱን ትቷል፤ የሚፈለገው ቁልፉ ቀጭ ሲል መስማት ነው። በአጭሩ የውኃ ማፍያ ማንቆርቆሪያ የጀበና ካባ ደርቦ ቆሟል። ከዚህ ጋር ማነጻጸር የሚገባው አልፎንሶ ቢያሌቲ እ.ኤ.አ. በ1933 በኢጣልያ ያወጣው «ሞካ» የተባለው የአሉሚኒየም ቡና ማፍያ ነው። በስምንት ማዕዘኑ ወገቡና በሁለት ክፍሎቹ ምንም ዐይነት ጥንታዊ ዕቃ አይመስልም፤ እንፋሎት ውኃውን ከታች ወደ ላይ በቡናው ውስጥ ገፍቶ እንዲያሳልፍ ቅርጹን ያገኘው ከሥራው ነው። ስሙን ከየመን ወደብ ተበደረ እንጂ መልኩን ከማንም አልተዋሰም።

በኤሌክትሪኩ ጀበና ላይ ፍርድ ሲሰጥ ግን ፍትሕ መጓደል የለበትም። በጋራ መኖሪያ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ለምትኖር እናት ከሰል ማያያዝ መከራ ነው። የከሰል ጢስ ለሳንባ ደዌ ነው፤ የከሰል ፍላጎት ደግሞ ለጫካ ደዌ ነው፤ ይህንንም የሸካ ሰው ከማንም በላይ ያውቀዋል። ስለሆነም ጥፋቱ ኤሌክትሪኩ ላይ አይደለም። ጥፋቱ መለወጥ የነበረበት እሳቱ ሆኖ ሳለ የተለወጠው ዕቃው መሆኑ ላይ ነው።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነው ምጣድ ነው። በአገራችን የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲሠራ የተደረገው የሚደነቅ ነው፦ የሸክላው ምጣድ እንዳለ ተወስዶ ከጀርባው ቦይ ተቀደደለትና የሚግለው ሽቦ በዚያ ተቀበረ። ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት የሚበላ ከባድ ዕቃ ነው፤ እንጀራው ግን ዐይን ያወጣል፤ የሸክላ ሠሪዋም ገበያ አልተዘጋም። እንደዚሁም በ1980ዎቹ አጋማሽ በመንግሥት የኢነርጂ ጥናት ማዕከል የተነደፈው «ምርት» የተባለው ምድጃ ምጣዱን አልነካም። ከሲሚንቶና ከድንጋይ ገለባ በተሠሩ ቁርጥራጮች እሳቱን ዙሪያውን አጠረው፤ ከክፍቱ ሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸርም የማገዶውን ፍጆታ እስከ ግማሽ ቀነሰ። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል። እውነት ነው፤ ግን የምትጋግረዋን ዐይን ከጢስ ያድናል። ታዲያ ክብ ሆድ ያለው ጀበና የሚቀመጥበት ጎድጓዳ የኤሌክትሪክ ምድጃ መሥራት ምን ያህል ይከብዳል? ከምጣዱ ሥራ ጋር ሲተያይ የሚያንስ እንጂ የሚበልጥ ድካም የለውም።

ስለ ፕላስቲኩ ሣር ብዙ መናገር አያስፈልግም። ቄጤማ የሚጎዘጎዘው ትኩስ ስለሆነ ነው፤ ሽታው የዝናብ ሽታ ነው፤ ነገ ይደርቃልና ዛሬ ለእንግዳ ክብር ታጨደ። የማይደርቅ ቄጤማ ለማን ክብር ነው? አቧራ በሚበዛበት የከተማ ጥግ ጀበና ቡና ለምትሸጥ ምስኪን ሴት ይቅርታ ይደረግላታል፤ በየቀኑ ሣር መግዛት ወጪ ነውና። አረንጓዴው ከደጃፍ በሚጀምርበት በጌጫ ግን ይህን መዘርጋት ግራ ያጋባል።

ከቅርጹ ጥያቄ በስተጀርባ ያለው ዋነኛ ጉዳይ የሠሪዋ ጉዳይ ነው። በአገራችን ሸክላ የሠራ እጅ የተመሰገነበት ዘመን አጭር ነው። ባለ እጅ ቡዳ እየተባለ፣ ብረት የቀጠቀጠው ጠይብ እየተባለ ሲሰደብ ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ እጀ ሠራተኛን በሙያው የሚሰድበውን ሰው አጥብቀው ገሥጸው ነበር፤ ስድቡ ግን በአዋጅ አልቆመም። በአዲስ አበባ የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች ከተማዋን በጀበናና በድስት ሲመግቡ በስማቸው ሲታሙ ኖረዋል። በደቡብ ምዕራቡም አገር ሸክላ መሥራት፣ ቆዳ ማልፋትና ብረት መቀጥቀጥ ከገበሬው በታች ለተቆጠሩ፣ በጋብቻም በማዕድም ለተገለሉ ወገኖች የተተወ ሥራ ነበር። ጀበናዋን እንግዳ ፊት በክብር ያቀረበ ቤት፣ የጀበናዋን ሠሪ ከደጃፉ አላስገባም።

እንግዲህ ፋብሪካው አሁን የወሰደው ምን እንደሆነ ልብ ይሏል። የወሰደው መልኩን ነው። ያች የተናቀች ሴት ጭቃውን ረግጣ፣ ያለ መንኰራኵር በእጇ አዙራ፣ በጠጠር ለስልሳ፣ በሜዳ እሳት ተኩሳ ያገኘችው የአንገትና የሆድ ምጣኔ በሻጋታ ተገልብጦ ስሟ ሳይነሣ ይሸጣል። በተናቀችበት ዘመን የሚገዛት ነበረ፤ ሥራዋ «ባህል» ተብሎ በተከበረበት ዘመን ግን ገዢው ወደ ሌላ ሱቅ ሄደ። ይህ ከሥነ ውበት ጥያቄነት አልፎ የእንጀራ ጥያቄ ነው።

ተመሳሳይ ፈተና የገጠማቸው ሌሎች ሕዝቦች አሉ። በጃፓን ያናጊ ሶኤትሱ የተባለው ሐያሲ ከሸክላ ሠሪዎቹ ከሃማዳ ሾጂና ከካዋይ ካንጂሮ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1925 ለተራው ሕዝብ የዕለት ዕቃ «ሚንጌይ» የሚል ስም አወጣ፤ በ1936ም በቶኪዮ ሙዚየም ተከፈተለት። ያናጊ ውበት የሚገኘው ስሙን በማይጽፍ ሠሪ የዕለት ሥራ ውስጥ ነው ብሎ አስተማረ። በአስተሳሰቡ ውስጥ ግን አንድ ጐዶሎ አለ። የሠሪው ስም አለመታወቅ ለሰብሳቢው ውበት ሊሆን ይችላል፤ በስም ማጣቷ ስትገለል ለኖረችው የሸክላ ሠሪ ግን ውበት አይደለም። ቦንጋ ላይ ባለው የብሔራዊ ቡና ሙዚየምም ሆነ በሌሎች ተቋማት ጀበና ለእይታ ሲቀርብ ከየትኛው ቀበሌ ጭቃ፣ በማን እጅ እንደተሠራ ከሥሩ ቢጻፍ ጥቂት ወረቀት እንጂ ሌላ ወጪ አይጠይቅም።

በዚህ ሁሉ የአዳዲስ ዕቃ ሩጫ ውስጥ ማንም ያላሰበበት አንድ ነገር ቀርቷል። በሸካ፣ በቤንችና በአካባቢው ሕዝብ ዘንድ ቡና ማለት ፍሬው ብቻ አይደለም። ቅጠሉ በዝንጅብል፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በሚጥሚጣና በጨው ተቀምሞ ይፈላና ጨሞ ይሆናል፤ ጠዋት ከሥራ በፊት፣ ማታ ከሥራ በኋላ በቅል ይጠጣል። ጨሞ በጀበና አይፈላም። ሰፊ አፍ ያለው ማሰሮ ይፈልጋል፤ ቅጠልና ቅመም እየገባበት የሚማሰል ነውና። የጎረቤት መሰብሰቢያ ስለሆነም መጠኑ ብዙ ነው። የአገሩ ሰው በየቀኑ የሚጠጣው ይህ ሆኖ ሳለ፣ የመደርደሪያዎቹ ጀበና መሰል ዕቃ በሙሉ የታሰበው ለአቦልና ለቶና ነው። የጨሞን ማሰሮ ከነሠሪዋ አስቀምጦ እሳቱን ብቻ የሚለውጥ ምድጃ ለመንደፍ የሚነሣ የሙያ ትምህርት ቤት መምህር ቢኖር፣ ሥራውን የሚጀምረው ከጌጫ ገበያ ማሰሮ ገዝቶ፣ ከሸጠችለት ሴት ጋር ቁጭ ብሎ የሥሩን ስፋትና የአፉን ክበብ በመለካት ይሆናል።