ገብቶ የሚወጣው ፊኛ

ጥሩ እንግዳ ጉዳዩን ጨርሶ ይሄዳል። መድኃኒት የተቀባው የልብ ፊኛም ጠባዩ እንዲሁ ነው።

የልብ ደም ሥር ሲጠብ ሐኪሞች ስቴንት የተባለውን የብረት መረብ አስገብተው እዚያው ይተዉታል። አንዳንዴ ግን የደም ሥሩ ግድግዳ እንደ ጠባሳ ሥጋ ያበቅልና በመረቡ ውስጥ መንገዱን መልሶ ያጠበዋል። ያኔ ሌላ ስቴንት መደረብ ይቻላል፤ ግን ብረት በብረት ላይ ነው፣ መተላለፊያውም ያው ጠባብ።

ፊኛው ምንም ብረት አይተውም። ከእጅ አንጓ ወይም ከብሽሽት በቀጭን ቱቦ ይገባል። ሐኪሙ በቅድሚያ ጥበቱን በሌላ ፊኛ ያሰፋል፤ ከዚያ የተቀባውን ነፍቶ ከግድግዳው ጋር ያጣብቀዋል። ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ገደማ፣ በቃ። ፊኛው ተንፍሶ ይወጣል፤ የሕዋሳትን መባዛት የሚገታው ፓክሊታክሰል ግን ግድግዳው ውስጥ ይቀራል። (ይህ የካንሰር መድኃኒት መጀመሪያ የተገኘው ከዛፍ ቅርፊት ነው።)

እኔን የሚደንቀኝ ቅቡ ነው። ጀርመኖቹ ብሩኖ ሼለርና ኡልሪሽ ስፔክ መድኃኒቱን የደም ሥር በራጅ እንዲታይ ከሚወጋው ፈሳሽ ጋር ቀላቀሉት። እዚያው ማከሚያ ክፍል ውስጥ ከነበረ ነገር ጋር! እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ጥናታቸው 52 ሕሙማንን ብቻ ነው የያዘው፤ ከ6 ወር በኋላ በተራ ፊኛ ከታከሙት 43 በመቶው መልሶ ጠቦባቸው ተገኘ፤ በተቀባው ከታከሙት ግን 5 በመቶው ብቻ። አሜሪካ ለልብ ደም ሥር የሚሆን እንዲህ ያለ ፊኛ የፈቀደችው በ2024 ነው።