የሱፐርማን የልደት ታሪክ መታደስና የአንባብያን ክርክር

በአሜሪካ አገር «ኮሚክስ» እየተባለ በሚጠራው የሥዕል ታሪክ መጽሔት፥ ሱፐርማን የሚባለው ልዕለ ኀያል መጀመሪያ የታየው በ1938 ዓ.ም. ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው)። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የልደቱ ታሪክ፥ ይኸውም ከየት እንደ መጣ፥ ማን እንደ ወለደውና ማን እንዳሳደገው የሚናገረው ክፍል፥ ደጋግሞ እንደ ዐዲስ ተጽፏል፤ በየጊዜውም አንባብያን ተከፋፍለው ተከራክረውበታል። ክርክሩን ላይ ላዩን ሲያዩት የልጆች ጨዋታ ይመስላል፤ ሕፃኑን ያመጣችው መንኰራኵር ምን ዐይነት ነበረች፥ አሳዳጊ አባቱ በሕይወት አለ ወይስ ሞቷል፥ በወጣትነቱ ኀይሉን ለሰው አሳይቶ ነበር ወይስ ሰውሮ ኖረ የሚል ነው። ነገር ግን ትውፊትን ለሚመረምር ሰው ጕዳዩ እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የአንድ ጀግና የልደት ታሪክ በየትውልዱ ሲለወጥ፥ ሰሚዎቹም ለውጡን ሲቀበሉ ወይም ሲገፉ፥ ነገሩ ሁሉ ከነዓመቱ ታትሞ የተቀመጠበት ስፍራ ብዙ አይገኝምና።

በእነዚህ አንባብያን ላይ ዘወትር የሚሰነዘረው ነቀፋ ለውጥ አይወዱም፥ የመጀመሪያውን ካልሆነ አይቀበሉም የሚል ነው። ነቀፋው ግን ከጽሑፎቹ ጋር ሲተያይ አይጸናም። ጄሪ ሲገል ጽፈውት ጆ ሹስተር የሣሉት፥ በ«አክሽን ኮሚክስ» ቍጥር 1 የወጣው የልደት ታሪክ ከአንድ ገጽ አያልፍም። በዚያ ገጽ ላይ የጀግናው የትውልድ ዓለም ስም እንኳ የለውም። አንድ የሳይንስ ሊቅ ዓለሙ ሊጠፋ ሲል ሕፃን ልጁን በመንኰራኵር አሳፍሮ ወደ ምድር ይሰደዋል፤ በመንገድ የሚያልፍ አንድ ባለመኪና ያገኘውና ለሙት ልጆች ማሳደጊያ ቤት ይሰጠዋል። ዛሬ የታሪኩ ልብ ሆነው የሚቈጠሩት ገበሬው ጆናታን ኬንትና ሚስቱ ማርታ በዚያ ገጽ ላይ የሉም። ክሪፕቶን የሚለው የዓለሙ ስምና የወላጆቹ ስም የተሰማው በ1939 በዕለታዊ ጋዜጣ ላይ መውጣት በጀመረው የሥዕል ትረካ ነው። በዚያው ዓመት በታተመው «ሱፐርማን» ቍጥር 1 ባልና ሚስት ኬንቶች ገቡ፤ ነገር ግን እናቲቱ ማርታ ሳትሆን ሜሪ ትባላለች። ጆርጅ ላውተር በ1942 ባሳተሙት ልብ ወለድ ደግሞ ሣራ ተባለች። በ1940 የተጀመረው የራዲዮ ትረካማ ጨርሶ ሌላ መንገድ ይዟል፤ በዚያ ሱፐርማን ወደ ምድር የደረሰው ሕፃን ሆኖ ሳይሆን ጐልምሶ ነው። እነዚህ ሁሉ በአምስት ዓመት ውስጥ ጐን ለጐን ሲነገሩ አንዱ ሌላውን ሐሰት ነህ አላለውም።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ከማንኛውም የቃል ትውፊት አይለይም። ክሎድ ሌቪ ስትሮስ በ1955 ባሳተሙት ጥናት፥ አንድ አፈ ታሪክ ማለት የሚነገርባቸው መልኮች ሁሉ አንድ ላይ ናቸው፥ ከመካከላቸው እውነተኛውን ወይም ጥንታዊውን ለይቶ መፈለግ አያስፈልግም የሚል አሳብ አቅርበዋል። የሱፐርማን የመጀመሪያ ዓመታት ለዚህ አሳብ ጥሩ ምስክር ናቸው። ልዩነቱ የሚመጣው ከኅትመት ነው። ጃክ ጉዲና ኢያን ዋት በ1963 ስለ ጽሕፈት ባወጡት ጥናት ከሰሜን ጋና የጎንጃን ሕዝብ ታሪክ ይጠቅሳሉ። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የመንግሥቱ መሥራች ጃክፓ ሰባት ልጆች ነበሩት እየተባለ ይነገር ነበር፤ የግዛቱም ክፍሎች ሰባት ነበሩ። ስድሳ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ፥ ሁለቱ የግዛት ክፍሎች ጠፍተው ሳለ፥ ተራኪዎቹ የመሥራቹን ልጆች አምስት አድርገው ይቈጥሩ ነበር። ሁለቱን ልጆች የሻረ ዐዋጅ አልወጣም፤ የሚያስፈልጉበት ስፍራ ስለ ጠፋ እነርሱም ጠፉ። የሱፐርማን ተራኪ ግን እንዲህ ማድረግ አይችልም። አሮጌው መጽሔት በአንባቢው ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ስለዚህ ዐዲስ መልክ ሊሰጥ ሲነሣ፥ ያለፈውን ማስረሳት ስለማይሆንለት፥ በግልጥ መሻር ይኖርበታል። የአንባብያን ቍጣ የሚነሣውም ከመለወጡ ይልቅ ከመሻሩ ነው።

አንባቢው በዚህ ጕዳይ በአደባባይ ቃል ሊኖረው የቻለው የ«ሱፐርማን» መጽሔት ከ1958 ጀምሮ የአንባብያንን ደብዳቤ ማተም በጀመረ ጊዜ ነው። በአዘጋጁ በሞርት ዋይዚንገር ዘመን ልጆች ስሕተት እየለቀሙ ይጽፉ ነበር፤ መልሱም አንዳንድ ጊዜ ቀልድ፥ አንዳንድ ጊዜ የረቀቀ ማመካኛ ነበር። በዚያው ዘመን «ምናባዊ ታሪክ» የሚባል የትረካ ዐይነት ተስፋፋ። በዚህ ዐይነቱ ትረካ ሱፐርማን ሊያገባ ወይም ሊሞት ይችላል፤ ነገር ግን የሆነው ሁሉ ከዋናው ታሪክ አይቈጠርም። ኡምቤርቶ ኤኮ በ1962 ባወጡት ዝነኛ ጥናት፥ ጀግናው እንዳያረጅና ገበያውም እንዳይነጥፍ ሲባል በታሪኩ ውስጥ ያለው ጊዜ ራሱ እንዲደበዝዝ መደረጉን ያሳዩት እነዚህንም ትረካዎች ተመልክተው ነው። ከኤኮ ትንተና ላይ አንድ ነገር መጨመር ይቻላል፤ ምናባዊው ታሪክ የፈለገውን ያህል ቢያፈርስ አንባቢን አያስከፋም፥ የፊተኛውን አይነካምና።

ነገሩ የተለወጠው በ1986 ነው። ዲሲ የተባለው አሳታሚ ኩባንያ የብዙ ዓመት ታሪኩን ሰብስቦ ዘጋና፥ የሱፐርማንን ልደት ከመጀመሪያው እንዲጽፉና እንዲሥሉ ለጆን ባይርን ሰጣቸው። ሥራው «የዐረብ ብረቱ ሰው» የሚል ርእስ ያለው ስድስት ክፍል ሲሆን፥ ከእርሱ በፊት የታተመው ሁሉ ለዚህ ጀግና እንዳልሆነ ተቈጠረ። ሰዎች ዛሬም የሚከራከሩበት ይኸው ሥራ ነው፤ መከራከራቸውም ተገቢ ነው። ባይርን የትውልዱን ዓለም ክሪፕቶንን ቀዝቃዛ፥ ሰዎቹም እርስ በርሳቸው የማይነካኩበት ምድረ በዳ አድርገው ሣሉት። ሕፃኑ ከእናት ማሕፀን አልወጣም፤ በሰው ሠራሽ ማሕፀን ውስጥ እንዳለ ተልኮ፥ ያ ማሕፀን የተከፈተው በካንሳስ ሜዳ ላይ ነው። በዚህ አኳኋን ሱፐርማን መጤ መሆኑ ቀርቶ በአሜሪካ ምድር የተወለደ ሰው ሆነ። በፊተኛው ታሪክ ሞተው የነበሩት ኬንቶች በሕይወት ቈዩ። ጀግናው በሥራው መጨረሻ ስለ ክሪፕቶን ሲያውቅ፥ ዕውቀቱን እንደ አንድ እንግዳ ቅርስ ያስቀምጠዋል እንጂ አያለቅስበትም።

ይህን ከመጀመሪያዎቹ ደራስያን ሁኔታ ጋር ማስተያየት ይገባል። ሲገልና ሹስተር ከአውሮፓ የተሰደዱ አይሁድ ልጆች ነበሩ። ባይርንም ራሳቸው በእንግሊዝ አገር ተወልደው በካናዳ ያደጉ ናቸው። በታሪኩ ሥር ያለው ጥያቄ፥ የሰው ወገኑ የወለዱት ናቸው ወይስ ያሳደጉት የሚል ነው፤ የስደተኛ ልጅ ደግሞ ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ አይማረውም። ሕፃኑን ከሙሴ ልደት ጋር ማመሳሰል የተለመደ ነው። ማመሳሰሉ ግን በአንድ ነገር ይጐድላል፤ ሙሴ ወደ ወንድሞቹ ይወጣል፥ ሱፐርማን ግን የሚወጣበት ወገን የለውም።

የባይርንን ሥራ የሚደግፉ አንባብያን ጀግናው ሰው ሆነልን ይላሉ። ቀድሞ እውነተኛው ሱፐርማን፥ ጭንብሉ ደግሞ ጋዜጠኛው ክላርክ ኬንት ነበር፤ አሁን ግን እውነተኛው ሰው ክላርክ ሆነ፥ ሱፐርማን የሥራ ልብሱ ነው። እናትና አባት ያሉት፥ ሲጨንቀው ቤቱ ገብቶ የሚማከር ጐልማሳ ሆነ። የሚቃወሙት ደግሞ ሁለት ነገር ያነሣሉ። የመጀመሪያው፥ ሊለቀስለት የማይገባ ዓለም ቢጠፋ መጥፋቱ አያሳዝንም የሚል ነው። ሁለተኛው፥ የአሳዳጊዎቹ ሞት ኀይሉ ሁሉ ሞትን እንደማይመልስ ያስተማረው ትምህርት ነበር፥ ያ ትምህርት ቀረ የሚል ነው። ሁለተኛው ክስ ደካማ ነው፤ ያን ትምህርት በሌላ መንገድ ማስተማር ይቻላልና፥ በሕይወት ያሉት ኬንቶችም ለታሪኩ ብዙ ሰጥተውታል። የመጀመሪያው ግን የሥራውን መሠረት የሚነካ ነው። ባይርን ጀግናውን ለአሳዳጊዎቹ ለመስጠት ሲሉ ወላጆቹን ያለ ክብር ቀበሩበት። ከሁለት ወገን መካከል መቆሙ ሲያበቃ የጥያቄው ግማሽ አብሮ አለቀ።

መሻር ምን እንደሚያስከትል ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየው ግን ባይርን ያልጻፉት ነገር ነው። በዐዲሱ ታሪክ ሱፐርማን በልጅነቱ «ሱፐርቦይ» ሆኖ አያውቅም። ነገር ግን ከ1958 ጀምሮ ሲጻፍ የኖረው፥ በሠላሳኛው መቶ ዓመት የሚኖሩት የልዕለ ኀያላን ጭፍራ ታሪክ የተመሠረተው በዚሁ በሱፐርቦይ ላይ ነበር። ከአንድ ቤት ምሰሶ ሲነቀል የጎረቤቱ ጣራ ወረደ። በ1987 ጕዳዩን ለመጠገን ሌላ ትረካ ተጻፈ፤ ያ ሱፐርቦይ ከሌላ ትንሽ ዓለም የመጣ ነበር ተባለ። ጥገናው ራሱ ሌላ ጥገና ጠየቀ። የጎንጃ ተራኪ እንዲህ ያለ ችግር አይገጥመውም።

በ2003 እና በ2004 ማርክ ዌድ ጽፈውት ሌኒል ፍራንሲስ ዩ የሣሉት ዐሥራ ሁለት ክፍል ያለው ሥራ ርእሱ «ብኵርና» ሊባል ይችላል፤ ስሙም እንደሚያመለክተው ጀግናውን ወደ ትውልዱ ይመልሰዋል። ክላርክ ስለ ክሪፕቶን ለማወቅ ይጓጓል፥ ቅርሱንም ይወዳል። ብዙ አንባብያን በዚህ ሥራ ላይ የተከራከሩት ጠላቱ ሌክስ ሉተር በስሞልቪል ከተማ የወጣትነት ባልንጀራው በመደረጉ ነው፤ ነገሩም በ2001 ከተጀመረው የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ጋር ይመሳሰላል። የበለጠ መመርመር የሚገባው ግን መጀመሪያው ነው። ወጣቱ ክላርክ በምዕራብ አፍሪካ በጋዜጠኝነት ሲዘዋወር ደራሲው የፈጠሩትን አንድ የተጨቈነ ሕዝብና መሪውን ያገኛል፤ የአባቶችን ልብስ በኵራት መልበስ ምን ማለት እንደ ሆነም ከእነርሱ ይማራል። አሳቡ መልካም ነው፤ የጀግናው ልብስ ጌጥ ሳይሆን የወገን ምልክት ሆነ። ነገር ግን ያ ሕዝብ በምድር ላይ የለም። ሥነ ሥርዓቱም፥ ጠላቱም፥ የመሪው ሞትም የተሰፋው ለአሜሪካዊው ወጣት ትምህርት ሲባል ነው። ለክሪፕቶን ባንዲራና ታሪክ ለመስጠት የተጨነቀ ደራሲ በካርታ ላይ ካሉት ከብዙዎቹ የምዕራብ አፍሪካ ሕዝቦች አንዱን መምረጥ ይችል ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጡት ብዙ ቃል አያስፈልጋቸውም። ጄፍ ጆንስና ሠዓሊው ጌሪ ፍራንክ በ2009 እና በ2010 ያወጡት ስድስት ክፍል የቀድሞውን ልጅነት ከፊሉን መለሰ፤ በ2011 ኩባንያው ደግሞ ያንንም ሽሮ ሌላ ጀመረ። በስምንት ዓመት ውስጥ ሦስት ልደት ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን የሽረቱ ዐዋጅ ራሱ ክብደት ያጣል፤ አንባቢም በመጀመሪያ የሰማውን ይዞ መቅረቱ አያስደንቅም። አንባብያን የሚከላከሉት ከሁሉ የቀደመውን ሳይሆን በልጅነታቸው የደረሳቸውን ነውና።

አንባብያን ለውጥን ይጠላሉ የሚለውን ነቀፋ የሚያፈርሰው ዋና ማስረጃ ከ2005 እስከ 2008 የወጣው የግራንት ሞሪሰንና የፍራንክ ኳይትሊ ሥራ ነው። በዚህ ሥራ የልደቱ ታሪክ በአንድ ገጽ፥ በአራት ሥዕሎችና በስምንት ቃላት አለቀ፤ የሚጠፋ ዓለም፥ የተጨነቁ የሳይንስ ሊቃውንት፥ የመጨረሻ ተስፋ፥ ደግ ባልና ሚስት። ሥራው ከኩባንያው መደበኛ የታሪክ መስመር ውጭ ስለ ሆነ ማንንም አይሽርም። በዝርዝር ነገር ሲጣሉ የኖሩት ወገኖች ይህን ገጽ በአንድነት አመሰገኑት። እያንዳንዱ አንባቢ በሥዕሎቹ መካከል ባለው ባዶ ስፍራ የራሱን ክሪፕቶንና የራሱን ኬንቶች አስቀምጧል።

የመሻር ሥልጣን ከየት መጣ ቢባል መልሱ ከውል ነው። ሲገልና ሹስተር በ1938 ዓ.ም. መጋቢት ወር ሱፐርማንን ለአሳታሚው የሸጡት በ130 ዶላር ነበር። ከዚያ ወዲህ ታሪኩን መናገር የኩባንያው መብት፥ መስማትና ደብዳቤ መጻፍ የሌላው ድርሻ ሆነ። በቃል ትውፊት ሰሚው ያልወደደውን ትረካ ለልጁ ባለመናገር ይገድለዋል፤ የሱፐርማን አንባቢ ግን ቢገዛም ባይገዛም ቀጣዩን መልክ የሚወስነው ሌላ ነው። የሲገል ወራሾች መብቱን ለማስመለስ በተከራከሩ ጊዜ የፌዴራል ፍርድ ቤት ሊቃውንት በብራና ላይ የሚሠሩትን ሥራ ለመሥራት ተገደደ፤ የትኛው ነገር በመጀመሪያው ገጽ ላይ ነበረ፥ የትኛው በኋላ ተጨመረ ብሎ ለየ። በ2008 የ«አክሽን ኮሚክስ» ቍጥር 1 ድርሻ ለወራሾቹ ተፈረደ፤ በ2009 ክሪፕቶንን የሚናገሩት የመጀመሪያዎቹ የጋዜጣ ሥዕሎች ተጨመሩ፤ በ2013 ግን የይግባኙ ፍርድ ቤት ቀድሞ በ2001 የተደረሰውን ስምምነት አጽንቶ ለኩባንያው ፈረደ።

በአሜሪካ ሕግ መሠረት የ1938ቱ ጽሑፍ የባለቤትነት ዘመን ሲያልቅ፥ ከ2034 መጀመሪያ ጀምሮ ማንም ሰው እንደ ወደደ ሊተርከው ይችላል። በዚያን ቀን ለሁሉ የሚለቀቀው ግን ያ አንዱ ገጽ ነው፤ ስም የሌለው ዓለም፥ በመንገድ የሚያልፍ ባለመኪና፥ የሙት ልጆች ማሳደጊያ ቤት። ባልና ሚስቱ ኬንቶች አንድ ዓመት ይቈያሉ፤ ሲመጡም እናቲቱ ሜሪ ናት።