ቀለም የለበሰ ድንጋይና የሐውልቲዋ ሴት

በመርካቶ፣ በአንዋር መስጊድ ዙሪያ ባሉት የልብስ መደብሮች ደጃፍ የሴት ምስሎች ቆመው ይታያሉ። ከንፈራቸው ቀይ፣ ዓይናቸው የተኳለ ነው። ገበያተኛው ግን የሚመለከተው ቀሚሱንና ሻሹን ነው፤ ቀለሙ ለሸቀጡ አጃቢ ነውና። ቀለም የተቀባ ቅርጽ ሁሉ በዚሁ ዓይን እየታየ «ያጌጠ» ተብሎ ሲታለፍ ከጥንቱ የቅርጻ ቅርጽ ጥበብ ትልቁ ክፍል ሳይነበብ ይቀራል።

የጥንቷ ግብፅ ቀራጺ የኖራ ድንጋዩን ጠርቦ ሲያበቃ ሥራው ገና እኩሌታው ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1871 ሜዱም ላይ የተገኙት የልዑል ራሆቴፕና የሚስቱ የኖፍሬት ሐውልቶች ለዚህ ምስክር ናቸው። እርሱ ቀይ ዳማ፣ እርስዋ ፈዛዛ ቢጫ ሆነው ተቀብተዋል፤ ይህም ወንድንና ሴትን የሚለይ የሥርዓት ቋንቋ እንጂ የሁለት ሰዎች መልክ አይደለም። የኖፍሬት ሰፊ የአንገት ጌጥ የብሩሽ ሥራ ነው፤ ቀለሙ ቢፋቅ የማዕረግዋ ምልክት አብሮ ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ1912 አማርና ላይ፣ በቀራጺው ቱትሞስ የሥራ ቤት የተገኘው የንግሥት ኔፈርቲቲ ምስል ደግሞ ከዚህ የሚልቅ ምስጢር አለው። እ.ኤ.አ. በ2006 የተደረገው የጨረር ምርመራ እንዳሳየው በጀሶው ልባጥ ሥር ሌላ የድንጋይ ፊት አለ፤ አፍንጫው ጥቂት ጎበጥ ያለ፣ በአፉ ዳርቻ መጨማደድ ያለበት ፊት። ዓለም የሚያደንቀው ውበት የመጨረሻውን ፍርድ ያገኘው ከመሮው በኋላ፣ በጀሶና በቀለም ነበር ማለት ነው።

ይህን ይዞ ወደ አምስት ኪሎው ብሔራዊ ሙዚየም የሚዘልቅ ተመልካች ሌላ ዓይነት መፍትሔ ይገጥመዋል። አክሱም አጠገብ ሐውልቲ በተባለው ስፍራ፣ እ.ኤ.አ. በ1959 በአንሪ ደ ኮንተንሶን ቁፋሮ የተገኘችው ሴት እጆቿን ጉልበቷ ላይ አኑራ ተቀምጣለች። ክንዷና ጉልበቷ ከድንጋዩ ግዝፈት ገና አልተላቀቁም፤ ይህ የሥራው ድክመት ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ሽንሽን ቀሚሷን ግን ልብ ማለት ያሻል። እያንዳንዱ ሽንሽን በመሮ ወርዷል፤ ከባዱ የአንገት ጌጥም እንዲሁ ከድንጋዩ ወጥቷል። ግብፃዊው ለብሩሽ የተወውን የሐውልቲው ሙያተኛ ለጥላ ሰጥቶታል።

ንግሥት ናት ወይስ አምላክ? ሊቃውንቱ አልተስማሙም። በዳዓማት ነገሥታት ጽሑፎች ንግሥት ከንጉሡ ጎን የምትጠቀስባቸው አሉ፤ በሌላ በኩል በዚያው በሐውልቲ የተገኘው፣ የዋልያ ምስሎች የተቀረጹበት መንበር የአምልኮ ጠረን አለው። ተቀማጭ ሴት በአዲ ገላሞ እ.ኤ.አ. በ1954፣ በውቅሮ አጠገብም ዳግም መገኘቷ አንድ የጸና ልማድ እንደነበረ ያስረዳል። ስለዚህ «የባሕር ማዶ ቅጂ» የሚለው የችኮላ ፍርድ አያጠግብም። የደቡብ ዓረብ ዝምድናዋ የታወቀ ነው፤ ዝምድና ግን የመሮውን ምርጫ አይተረጉምም።

የሐውልቲዋን ሴት ለተማሪዎቹ በፎቶግራፍ የሚያሳይ መምህር አንድ ችግር አለበት። ፊት ለፊት በበራ ብርሃን የተነሳች እንደሆነ ሽንሽኑ ይጠፋል፤ ወፍራም ድንጋይ ብቻ ይቀራል። መብራቱ ከጎን ሲመጣ ቀሚሱ ከላይ እስከ ታች ይዘረጋል።