መሃል ላይ ዜሮ የሚመልስ ኮድ

ወጣቶቹ ኮድ ሲያሞግሱ እሰማለሁ፤ «ትራይ ካች የለውም፣ አጭር ነው፣ ፋንክሽኖቹ በፓይፕ ተያይዘዋል» ይላሉ። ያናድደኛል። ፎክቴል የሚባለውን የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ ጭኖ ማፕና ቼይን መደርደር የማንም ሥራ ነው። የሁለቱን ልዩነት የማያውቅ ይህን ጽሑፍ ይተወው።

እኔ የማየው ጌትኦርኤልስ የት እንደገባ ነው።

ለቃሊቲ ማረሚያ ቤት የአመክሮ ቀን የሚያሰላ ፕሮግራም ጻፋችሁ እንበል። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 202 መሠረት ታራሚ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን፣ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ደግሞ 20 ዓመት ሲፈጽም በአመክሮ ሊፈታ ይችላል። አራት ፋንክሽን ይበቃል፤ የታሰረበትን ቀን አንብብ፣ የፍርዱን ዘመን አንብብ፣ ሁለት ሦስተኛውን አውጣ፣ ቀኑ ላይ ደምር። አንዱ መዝገብ ላይ ዘመኑ «አሥራ ሁለት» ተብሎ በፊደል ተጽፏል፤ ቁጥር አንባቢው አልገባውም። ፕሮግራመሩ ደግሞ እዚያው መሃል ላይ ጌትኦርኤልስ ዜሮ ብሏል። የዜሮ ሁለት ሦስተኛ ዜሮ ነውና ሰውየው በታሰረ ዕለት ይፈታል! ፕሮግራሙ አልቆመም፣ ማንም ምንም አላየም። ይሄ ነው እንግዲህ የሚደነቀው።

ሜይቢም ከዚህ አይሻልም፤ ናቲንግ ምክንያት አይዝም። መዝገቡ «ጳጉሜን 6 ቀን 2016» ቢል፣ 6ኛው ቀን የነበረው በዘመነ ሉቃስ በ2015 ነውና ናቲንግ ይመለሳል፤ ታራሚው ከዝርዝሩ ይጠፋል። ቃሊቲ በር ላይ ስንቅ ይዛ ለቆመች እናቱ ምን ሊባል ነው? ሪዘልት ቢሆን ኖሮ ስህተቱ ከነምክንያቱ ይመጣል፣ መዝገብ ቤቱም ያርመዋል። የጃቫስክሪፕትን ዴት ያመነማ የባሰ ነው፤ ወርን ከዜሮ ስለሚቆጥር ጳጉሜንን 12 ብለው 2016፣ 12፣ 6 ሲሰጡት ቅር ሳይለው ጃንዋሪ 6 ቀን 2017 ይላል።

ኮድ ማንበብ ያስተማሩኝ አዛውንት በኮቦል ያደጉ ነበሩ፤ ሞናድ የሚባል ነገር ሲያነሡ ሰምቼ አላውቅም። ሲመረምሩ የሚጀምሩት ስህተቱ ከሚታተምበት መስመር ነው። «የቱ መዝገብ? የቱ ቦታ? ምን ተብሎ ተጽፎ?» ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ወረቀቱን ሳያገላብጡ ይመልሱልናል፤ ብንከራከርም አይሰሙንም። ዛሬ እንዲህ የሚመልስ አለቃ የት አለ?

ጌትኦርኤልስ ቦታው የመጨረሻዋ መስመር ናት፣ ውጤቱ ለሰው ከሚታይበት ላይ። ሪዘልት በመጀመሪያው ስህተት ስለሚቆም፣ ብዙ ቦታ ላለው ቅጽ ሁሉንም ስህተት የሚሰበስበውን ቫሊዴሽን ተጠቀሙ። ከዚህ የወጣ ኮድ ቢያጥርም ቢያምርም እኔ ዘንድ አያልፍም።