ጥላ የሌለው ጌጥ

ወጣቶች ሆይ! ባለፈው መስከረም አንድ ወዳጄ በፍኖተ ሰላም ጥቂት ዘመዶቹን በግቢው ጋብዞ ነበር። ሜዳው አደይ አበባ ለብሶ ሳለ፣ እርሱ አጥሩን በፕላስቲክ አበባ አስጌጠ፤ የዋንዛውንም ጥላ ለፎቶግራፍ መነሻ ብሎ ከለለው። አሮጊት እናቱ ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። እኔም ከጣራው ሥር ተጠልዬ ዝም አልሁ፤ ወንበሬን ባለመልቀቄ ዛሬም አፍራለሁ።

በሊበንና በቡሬ ገጠር ዳስ ሲጣል ጎረቤት ይተባበራል፤ አንዱ ባላ ይተክላል፣ ሌላው ቅጠል ያለብሳል፣ ቄጠማም ይጎዘጎዛል። በዚያ ለዓይን የሚያምረው ቅጠል እርሱ ራሱ ጥላ ነው።

እንግዲህ ግብዣ ስታሰናዱ፣ «ምን ያምራል?» ከማለታችሁ በፊት «ጥላ የሚያሻው ማን ነው?» በሉ። እንግዳን የማያሳርፍ ጌጥ ለባለቤቱ ኩራት እንጂ ለግብዣው ክብር አይሆንም።